ክትባት ለድሃ ልጅ አይቀጠንም፤ ትምህርትስ?

ነርስ መድኃኒት ከመስጠቷ በፊት ሕፃኑን ሚዛን ላይ ታወጣዋለች። የመድኃኒቱ መጠን የሚወሰነው በልጁ ኪሎ እንጂ በአባቱ ኪስ አይደለም። የኩፍኝ ክትባትማ ይብሱን ለሁሉም አንድ ነው፤ የባለ ሱቁ ልጅ ይምጣ የወዛደሩ፣ ከዚያው ብልቃጥ ይቀዳለታል። «ይሄ የድሃ ልጅ ስለሆነ በውኃ አቅጥነን ብንሰጠው ይበቃዋል» የሚል የጤና ባለሙያ ቢገኝ አገር ይጮኽበታል፤ ከሥራውም ይባረራል።

ወደ ትምህርት ስንመጣ ግን ይህንኑ ማቅጠን በየዕለቱ እያየን ዝም እንላለን። ለከፋዩ ልጅ ማሰብ፣ መጠየቅ፣ መከራከር፣ ሙከራ መሥራት፤ ለችግረኛው ልጅ ከሰሌዳ መገልበጥና በቃል መያዝ። አንዱ «ለምን ይመስልሃል?» እየተባለ ያድጋል፤ ሌላው «ዝም በልና ጻፍ» እየተባለ። ሁለቱም «ተማሪ» ይባላሉ፤ ሁለቱም ደብተር ይይዛሉ። የተሰጣቸው ነገር ግን አንድ አይደለም።

እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ፣ መርካቶ የምኖር ሴት ነኝ። ሰፈርተኛው ዛሬም «ሲስተር» ይለኛል። መምህር አይደለሁም። ሆኖም በእነዚያ ዓመታት በእጄ ያለፉት ልጆች አብዛኞቹ የዚህ ሰፈር ልጆች ናቸው፤ ስወጋቸው፣ ስመዝናቸው፣ ቁስላቸውን ሳጥብ አውርቻቸዋለሁ። አንድ ነገር ተምሬባቸዋለሁ፦ ማሰብ የማይችል ጤነኛ ልጅ አልገጠመኝም። እንዲያስብ ያልተጠየቀ ልጅ ግን ብዙ አይቻለሁ። ዛሬ ልጽፍ የፈለግሁት ስለዚህ ነው፤ ጠንካራና የሚያሳስብ ትምህርት ለተመረጡት ሳይሆን ለእያንዳንዱ ልጅ ይገባል ስለሚለው እምነት፣ በአገራችንም ይህን እምነት በሥራ ስላሳዩት ሰዎች።

የማቅጠን ታሪክ

መጀመሪያ ይህ የምንኖርበት ሰፈር እንዴት እንደተፈጠረ እናስታውስ። የጥንቱ የአዲስ አበባ ትልቅ ገበያ አራዳ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ፋሺስት ኢጣሊያ ከተማዋን ከያዘች በኋላ ነጩን ከጥቁሩ ለይቶ ለማስፈር ባወጣችው ፕላን ገበያው ወደ ምዕራብ ተገፋ፤ «የአገሬው ሰው ገበያ» ተብሎ። መርካቶ የሚለው ስም የቀረልን ከዚያ ነው። በትምህርትም ሐሳቡ ያው ነበር። ለኢትዮጵያዊው ልጅ የታሰበለት ትምህርት ከዝቅተኛ ደረጃ የማያልፍ፣ ታዛዥ ሠራተኛ የሚያወጣ እንጂ አሳቢ ሰው የሚያፈራ አልነበረም። ኢጣሊያ በ1933 ዓ.ም. ተባረረች። «ለእነዚህ ይሄ ይበቃቸዋል» የሚለው አስተሳሰብ ግን አብሯት ጠቅልሎ አልሄደም።

በ1966 ዓ.ም. እኔ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። በዚያ ዓመት «ሴክተር ሪቪው» የሚል ቃል በየቤቱ ይነሳ ነበር። መንግሥት ያስጠናው የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ ነው። ዕቅዱ ሁሉን ክፉ ነበር አልልም፤ እጅግ ብዙ የገጠር ልጅ ፊደል ሳያይ በሚያድግበት ዘመን ትምህርትን ለማዳረስ የታሰበ ነበር። ችግሩ አብዛኛው ልጅ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት አግኝቶ ወደ ሥራው እንዲመለስ፣ ከዚያ በላይ የሚዘልቀው ጥቂቱ ብቻ እንዲሆን ማለሙ ላይ ነው። ሸማ ተራ ጨርቅ የሚሸጠው አባቴ ማንበብ አይችልም፤ ነገሩን ሲሰማ ግን ወዲያው ገባው። «ለእነሱ ልጅ አሥራ ሁለት፣ ለእኔ ልጅ አራት?» አለ። አባቴ ብቻ አልነበረም እንዲህ ያለው። በየካቲት ወር መምህራን በማኅበራቸው አማካይነት ሥራ አቆሙ፤ በነዳጅ ዋጋ የተቆጡት የታክሲ ነጂዎችም በዚያው ሰሞን መኪናቸውን አቆሙ። ዕቅዱ ሳይተገበር ቀረ።

ይህን የማነሳው ፖለቲካ ለማውራት አይደለም። ያን ጊዜ ያልተማረ ወላጅ እንኳ ለልጁ የቀጠነ ትምህርት ሲቀርብለት ለይቶ ያውቅ እንደነበር ለማሳየት ነው። ዛሬ ማቅጠኑ በዕቅድ ተጽፎ አይመጣም። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ተበትኖ፣ በየክፍሉ ትንሽ በትንሽ ይመጣል። ስለዚህ ለማየት ያስቸግራል።

የቆሎ ተማሪው ምን ይነግረናል?

«ከባድ ትምህርት ለድሃ ልጅ አይሆንም፤ ሆዱ ሳይሞላ ምን ያስባል?» የሚሉ አሉ። ስለ ሆዱ በኋላ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን የራሳችንን የቆየ ትምህርት ቤት ልጥቀስ።

የቅኔ ቤት ተማሪ ማነው? ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳውን ይዞ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ የሚለምን የቆሎ ተማሪ ነው። በዚህ አገር ከእሱ የባሰ ድሃ ተማሪ አልነበረም። የሚሰጠው ትምህርት ግን የቀጠነ አልነበረም። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ፣ ደረጃ በደረጃ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። በየደረጃው የሚጠበቅበት የሰው ቅኔ ሸምድዶ መመለስ ሳይሆን የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ መንገር ነው። ትናንት የተናገረውን ዛሬ ቢደግም አይቆጠርለትም። ሰሙንና ወርቁን አስማምቶ፣ ሰዋስዉን ጠብቆ፣ በራሱ አእምሮ ማሰብ አለበት። መምህሩም «ይሄ ለማኝ ነውና ቀለል ላድርግለት» አይሉም።

ይህ ሥርዓት ጉድለት አልነበረውም ማለቴ አይደለም። በአብዛኛው ለወንድ ልጅ የተከፈተ፣ የአንድ እምነት ተማሪዎች ብቻ የሚውሉበት፣ ዱላም ያልራቀው ነበር። ግን አንድ ነገር አረጋግጦልናል፦ ድህነት ከጥልቅ ሐሳብ ጋር አይጣላም። የተራበ ልጅ እንኳ ሰው ከእሱ ትልቅ ነገር ሲጠብቅ ትልቅ ነገር ያደርጋል። የቀረው ሥራ ያንን ጥልቀት ሳናቀጥን፣ ረሃቡንና ዱላውን አስወግደን፣ ለሴቱም ለወንዱም፣ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ማድረስ ነው።

ከዛፍ ሥር የተጀመረው

ይህን ሥራ በከተማችን ጀምረው ያሳዩን ሰው ነበሩ። ከአውቶቡስ ተራ ታክሲ ይዛችሁ ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል አቅጣጫ ብትወጡ ዊንጌት ትደርሳላችሁ። በዚያው አካባቢ አሠረ ሐዋርያት የሚባል ትምህርት ቤት አለ። የመሠረቱት ጋሽ አስፋው የምሩ ናቸው።

ጋሽ አስፋው ከቡልጋ ተነሥተው አዲስ አበባ ሲገቡ የዘጠኝ ዓመት ገደማ ልጅ ነበሩ። ማደሪያቸው የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ፣ ጎረቤቶቻቸው ችግረኞች ነበሩ። በኋላ ሰው ቤት ተቀጥረው እያገለገሉ ተማሩ፤ ጎበዝ ስለነበሩም በነጻ ትምህርት ዕድል ጄነራል ዊንጌት አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ። ዊንጌት በዚያ ዘመን እንግሊዛውያን የሚያስተምሩበት፣ ከአገሪቱ ምርጥ ከሚባሉት ትምህርት ቤቶች አንዱ ነበር። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ «እኔስ ወጣሁ» ብሎ ወደ ኋላ አይመለከትም።

እሳቸው ግን ተመለከቱ። ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ፣ እሳቸው ትናንት የነበሩበትን ኑሮ የሚኖሩ ልጆች ነበሩ። ከመመገቢያ አዳራሹ የተረፈውን ምግብ እያስፈቀዱ ያካፍሏቸው ጀመር። ልጆቹ ግን ከምግቡ ሌላ የሚፈልጉት ነገር ነበራቸው፤ መማር። በ1949 ዓ.ም. ገደማ፣ ራሳቸው ገና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ሰብስበው ያስተምሯቸው ጀመር። ዊንጌት በቀን የተማሩትን ለእነዚያ ልጆች ያካፍሉ ነበር ማለት ነው። የተማሪው ቁጥር እያደገ ሄደ፤ ከንጉሠ ነገሥቱ መሬት ተፈቀደላቸውና አሠረ ሐዋርያት ተሠራ። ቆይቶም «ሞያ» የተባለ ሁለተኛ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ እዚያ ልጆች ከቀለሙ ጋር የእጅ ሥራ ይማራሉ።

የእነዚህን ትምህርት ቤቶች መርሕ ልብ በሉ። ክፍያ የለም። መግቢያ ላይ ልጅ አይመረጥም፤ ጎዳና ላይ ያለው፣ ወላጅ የሌለው፣ ዕድሜው ያለፈው ሁሉ ይገባል። ልጅ አይመታም። የእጅ ሥራ ትምህርት የሚሰጠውም «ለቀለም የማይሆነው ወደዚያ ይሂድ» ተብሎ ሳይሆን፣ እጁ የሚሠራውን አእምሮው እንዲያስብ ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች በዚያ በር አልፈዋል። በ1993 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን ያለው የዓለም ሕፃናት ሽልማት ሥራቸውን አክብሯል። ጋሽ አስፋው በ2013 ዓ.ም. አርፈዋል።

ስለ እሳቸው የሚነገረው ብዙውን ጊዜ ስለ ደግነታቸው ነው። እኔ ግን ከደግነታቸው በላይ የሚገርመኝ ለእነዚያ ልጆች የነበራቸው ግምት ነው። ምግብ ሰጥቶ መመለስ ደግነት ነው። ምግብ ሰጥቶ «አሁን ደግሞ ቁጭ በልና ይህን ሒሳብ አስበው» ማለት ግን ከደግነት ያለፈ ነገር ነው፤ ልጁን እንደ ራስ ልጅ፣ እንደ ራስ ወንድም መቁጠር ነው።

ጠንካራ ትምህርት ማለት ብዙ ደብተር ማለት አይደለም

«ጠንካራ ትምህርት» ስል አንዳንድ ወላጅ ብዙ የቤት ሥራ፣ ብዙ ፈተና፣ ብዙ ቁጣ ይመስለዋል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ከሙያዬ ምሳሌ ልስጥ።

ነርሲንግ ስንማር ስለ ተቅማጥ የሚያስተምሩን መምህር ነበሩ። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ማለትም ኦ.አር.ኤስ. ሲታጣ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚዘጋጅ ሁላችንም በቃላችን ይዘን ነበር፦ አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ተጠይቀን መለስን። እሳቸው ግን በዚያ አልለቀቁንም። «ስኳሩ ለምን ተጨመረ?» አሉ። «እንዲጣፍጥ» አልን። «አይደለም» ብለው ዝም አሉ፤ መልሱን አልነገሩንም። በማግሥቱ እያንዳንዳችን አስበን፣ አንብበን፣ ተከራክረን መጣን። ስኳሩ ለጣዕም አልነበረም። በአንጀት ግድግዳ ላይ ስኳርና ጨው ተያይዘው ይገባሉ፤ ውኃውም ይከተላቸዋል። ስኳር ከሌለ ጨዉ በደንብ አይገባም፤ ጨዉ ካልገባ ውኃው አይከተልም፤ ልጁ እየጠጣ ይደርቃል።

ከዓመታት በኋላ ጤና ጣቢያ ውስጥ በርበሬ ተራ የምትሸጥ እናት ልጇን ታቅፋ መጣች። «ሲስተርዬ፣ ጨዉን ብጨምርበት አይበረታም?» አለችኝ። ቁጥሩን ብቻ ብነግራት ኖሮ ቤቷ ስትደርስ ይቀላቀልባት ነበር፤ ጨው የበዛበት ደግሞ ሕፃንን ይጎዳል። ምክንያቱን ነገርኳት። ጥቂት አሰበችና «አሃ፣ ስኳሩ ጨዉን እጁን ይዞ የሚያስገባው በረኛ ነዋ! በረኛው ሳይጨመር እንግዳው ቢበዛ ደጅ ይቀራል» አለች። እኔ ከመጽሐፍ የተማርኩትን ያህል ገብቷታል። ይህች ሴት ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠች ናት።

ጠንካራ ትምህርት የምለው ይህ ነው። «ምን?» ብሎ ጠይቆ «ለምን?» እስኪመለስ አለመልቀቅ። ተማሪው ሲሳሳት አለመሳቅና አለመምታት፤ ይልቁንም ስህተቱን እንደ ሕመም ምልክት አይቶ «እንዴት እዚህ ደረስክ?» ብሎ መጠየቅ። መልሱን ቀድሞ አለመንገር። ልጁ ለማሰብ የሚያስፈልገውን ጊዜ መስጠት። ለዚህ ሁሉ የተንጣለለ ሕንፃ አያስፈልግም፤ ጋሽ አስፋው በዛፍ ሥር ጀምረውታል።

«ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ይህ እንዴት ይሆናል?» የሚል መምህር ይኖራል። እውነቱን ነው፤ የመምህራንን ድካም አላቃልልም። እኔም ሌሊት ተረኛ ሆኜ ብቻዬን ብዙ ሕመምተኛ ይዤ አድሬያለሁ። ድንገተኛ ክፍል የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚማረው ነገር ግን አለ፦ የሚጮኸው ሕመምተኛ ቢያንስ እየተነፈሰ ነው፤ ዝም ያለውን ቀድመህ እይ። ክፍል ውስጥ እጁን የማያወጣው ልጅ ያ ዝም ያለው ሕመምተኛ ነው። ጥያቄ ጠይቆ እጅ ያወጣውን ብቻ መጥራት ደህናውን ልጅ ደጋግሞ ማከም ነው። ጥንድ ጥንድ ሆነው ለሁለት ደቂቃ እንዲነጋገሩ ማድረግ፣ ከዚያ ስም በዕጣ አውጥቶ መጠየቅ ገንዘብ አይጠይቅም።

«ጭንቅላቱ አይቀበልም»

አሁን ወደ ሆዱና ወደ ሰውነቱ ልመለስ። ለሁሉም ልጅ ጠንካራ ትምህርት ይሰጥ ስንል ልጁ የሚማርበት አካል እንዳለው መርሳት የለብንም።

እዚሁ መንደሬ ውስጥ አንድ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አለ። አጎቱ ቆርቆሮ ተራ ይሠራል። ባለፈው ዓመት እናቱ «ሲስተር፣ ይሄ ልጅ ጭንቅላቱ አይቀበልም፤ ከአጎቱ ጋር ሥራ ቢለምድ ይሻለዋል» አለችኝ። ልጁን ሳዋራው ፊቴን ትኩር ብሎ ያያል፤ ዞር ስል አይመልስም። ከግራ ጆሮው መግል ይወጣ ነበር፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አልፎ አልፎ ይመጣበታል። የሚቀመጠው መጨረሻው ወንበር ላይ ነው። ያ ልጅ ጭንቅላቱ ሳይሆን ጆሮው ነበር ያልተቀበለው። ሕክምና ጀመረ፤ መምህሩም ነገሩን ሲሰሙ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጡት። አንደኛ ወጣ ብዬ አልዋሽም። ዛሬም ከክፍሉ መካከል ነው፤ ጆሮውም ክትትል ይፈልጋል፤ አጎቱም ገና አልተቆረጠለትም። ግን ሰሞኑን እናቱን «ጨረቃ ለምን ትከተለናለች?» ብሎ ሲጠይቃት ሰምቻለሁ። እንዲህ የሚጠይቅ ልጅ ሰነፍ አይባልም።

ስለዚህ «ሰነፍ» የሚለውን ቃል ከመናገራችን በፊት ይህን እናጣራ። ልጁ ሰሌዳውን ለማየት ዓይኑን ያጨማድዳል? ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግቶ ያያል? ያ መነጽር የሚፈልግ ዓይን ሊሆን ይችላል። ስትጠሩት ሁለት ሦስት ጊዜ ካልደገማችሁ አይሰማም? ጆሮው ይታይ። የዓይኑ ሽፋን ውስጡ ነጥቷል፣ ቶሎ ይደክመዋል? የደም ማነስ ወይም የሆድ ትላትል ይሆናል። ሌሊት ስንት ሰዓት ይተኛል? በዚህ ሰፈር ከትምህርት ቤት ወጥቶ እስከ ማታ ማስቲካና ሶፍት የሚያዞር፣ ጫማ የሚጠርግ ልጅ ጠዋት ክፍል ውስጥ ቢያንቀላፋ የሰው ልጅ ስለሆነ ነው።

በዚህ ረገድ መልካም ነገር አይተናል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን መመገቡ ብዙ እናት አሳርፏል። ባዶ ሆዱን መጥቶ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ የሚዞርበት ልጅ ቀንሷል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቢሆንም ምግብ በር ይከፍታል እንጂ ቤቱን አይሞላም። የጠገበ ልጅ ቀኑን ሙሉ ከሰሌዳ ሲገለብጥ ከዋለ ያ ሁሉ ወጪ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።

ቁጥሩ የማንን ውድቀት ነው የሚናገረው?

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የሰማናቸውን ቁጥሮች ሁላችንም እናስታውሳለን። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በየቤቱ ያለቀሱ ልጆች አይቻለሁ፤ የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ የመጡ እናቶችንም ለክቻለሁ።

ከመቶ ሕመምተኛ ዘጠና ስድስቱ የማይድኑበት ሆስፒታል ቢኖር «ሕመምተኞቹ ሰነፎች ናቸው» አንልም። ሕክምናውን እንመረምራለን። ፈተናው መጥበቁ ጥሩ ነው፤ ሙቀት መለኪያው እውነቱን ተናገረ። ሙቀት መለኪያ ግን አያድንም። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል የወደቀው ልጅ የወደቀው ሁለተኛ ክፍል ሳለ ያነበበው ሳይገባው ወደ ሦስተኛ ያለፈ ቀን ነው።

አንዳንዶች መፍትሔው ጎበዞቹን መርጦ ለብቻ ማስተማር ነው ይላሉ። የተመረጡት ልጆች ጥሩ ውጤት ማምጣታቸው አይካድም፤ ደስም ይለኛል። ነገር ግን ደህና ደህናዎቹን ብቻ የሚቀበል ሆስፒታል ብዙ ሰው ማዳኑ አይደንቅም። በሌላው ዓለምም ይህ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ፊንላንድ ልጆችን ገና በአሥራ አንድ ዓመት ዕድሜያቸው ገደማ ለሁለት ዓይነት ትምህርት ቤት ትለያይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ይህን አስቀርታ ሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት ትምህርት ቤት ለዘጠኝ ዓመት እንዲማር አደረገች፤ መምህራኗም እስከ ማስተርስ እንዲማሩ ግዴታ ጣለች። እ.ኤ.አ. በ2000 አገሮች የአሥራ አምስት ዓመት ልጆቻቸውን ሲያወዳድሩ በንባብ አንደኛ የወጣችው እሷ ነበረች። ሀብቷ ከእኛ ጋር አይወዳደርም፤ ሐሳቡ ግን የሀብት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

እኛም ብንሆን «ለሁሉም» የሚለውን ነገር በጤናው በኩል አሳይተናል። ፈንጣጣ ከኢትዮጵያ የጠፋው በ1968 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። የጠፋው የከተማው ሰው ስለተከተበ አልነበረም። ከታቢዎች በእግርና በበቅሎ እስከ መጨረሻው መንደር ሄደው አንድ የታመመ ሰው እንኳ እስካይቀር ስለፈለጉ ነው። አንድ መንደር ቢታለፍ በሽታው ከዚያ ተነሥቶ ይመለስ ነበር። ድንቁርናም እንደዚያው ነው። ያለፍነው ልጅ ነገ ያው የእኛው ሾፌር፣ የእኛው ግንበኛ፣ የእኛው መራጭ፣ የእኛው ነርስ ነው።

ወላጅ ምን ያድርግ?

ይህን አምድ የሚያነብ ብዙው ሰው ትምህርት ቤት መክፈት አይችልም። ሁላችንም የምንችለው ግን አለ።

ልጃችሁ ሲመለስ «ስንት አገኘህ?» ከማለታችሁ በፊት «ዛሬ ምን ጠየቅህ? ምን ከበደህ?» በሉት። መልሱ «ምንም» ከሆነ ያ ራሱ ለወላጅ ወሬ ነው። የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ሲጠራ ስለ አጥርና ስለ መዋጮ ብቻ ተወያይታችሁ አትውጡ፤ «ልጆቻችን ክፍል ውስጥ ይናገራሉ ወይ? የማያነብ ልጅ ሲገኝ ምን ይደረግለታል?» ብላችሁ ጠይቁ። መምህሩን ስትጠይቁ በአክብሮት ይሁን፤ እሳቸውም ደክሟቸዋል። ለሒሳብ «አይሆንም» የተባለውን ልጅ ገበያ ይዛችሁት ሂዱ፤ ሦስት ኪሎ ተኩል ሽንኩርት ሒሳቡን እሱ ያስላ፣ እንዴት እንዳሰላውም ይንገራችሁ። የቤታችሁ ሠራተኛ የማታ ትምህርት የምትማር ከሆነም የእሷን ደብተር እንደ ልጃችሁ ደብተር ገልጣችሁ እዩ። «ለሁሉም ልጅ» ሲባል እሷም አለችበት።

እዚህ መርካቶ ምን አለሽ ተራ የሚባል ቦታ አለን። ሌላው ሰው የጣለው ቆርቆሮ፣ በርሜል፣ ጎማ እዚያ ይሄዳል፤ ባለሙያው ያገላብጠዋል፣ ያንኳኳዋል፣ «ይሄ ምን ይወጣዋል?» ብሎ ያስባል። ምድጃ ይወጣዋል፣ ወንፊት ይወጣዋል፣ ጫማ ይወጣዋል። እዚያ ሰፈር «ይሄ አይረባም» ተብሎ ሳይታይ የሚጣል ዕቃ የለም። ለብረት ይህን ያህል የምንጨነቅ ሰዎች ልጅን በአሥር ዓመቱ «አይሆንም» ብለን ስንጥል እጃችን ሊይዘን ይገባል።

መስከረም ላይ በየትምህርት ቤቱ በር የሚሰለፉትን ልጆች እዩአቸው። ዩኒፎርማቸው አንድ ዓይነት ነው። ውስጥ ሲገቡ የሚቀርብላቸው ትምህርትም አንድ ብልቃጥ የተቀዳ መሆኑን መጠየቅ የወላጅ፣ የጎረቤትና የጡረተኛ ሁሉ ድርሻ ነው።